የኮሎኔል ዩሪ ጋጋሪን የሕይወት ታሪክ

በዓለም ታሪክ ውስጥ ስማቸው ከአንዲት ቀን ጋራ ተያይዞ የቀረ ሰዎች አሉ። ከእነዚህም አንዱ የሶቪየት ኅብረት የአየር ኀይል መኰንን የነበረው ዩሪ ጋጋሪን ነው። ሚያዝያ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ከሰው ልጆች ሁሉ በፊት ወደ ጠፈር ወጥቶ፣ መሬትን ዞሮ፣ በደኅና ተመለሰ። ይህን ያህሉን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ነገር ግን ያ ጕዞ የፈጀው 108 ደቂቃ ብቻ ነው፤ በትምህርት ቤት ሦስት ክፍለ ጊዜ እንኳ አይሞላም። ጋጋሪን የኖረው ግን 34 ዓመት ነው። ለእኛ ለተማሪዎች የሚበልጠው ትምህርት ያለው ከዚያች ቀን በፊት በነበሩት 27 ዓመታትና ከዚያ በኋላ በመጡት 7 ዓመታት ውስጥ ስለ ሆነ፣ በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአጭሩ ልንጽፍ ወደድን። ቀኖቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

ዩሪ ጋጋሪን የካቲት 30 ቀን 1926 ዓ.ም. ከሞስኮ በስተ ምዕራብ በስሞሌንስክ አውራጃ በምትገኝ ክሉሺኖ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ አሌክሴይ አናጢ ነበረ። እናቱ አና በኅብረት እርሻ ላይ ላሞች በማለብና በመንከባከብ ትሠራ ነበር። ከአራት ልጆች መካከል ዩሪ ሦስተኛው ነው። ቤታቸውን አባትየው በገዛ እጁ ከእንጨት የሠራው ሲሆን፣ ልጆቹም እንደ ማንኛውም የገበሬ ልጅ ውሃ እየቀዱ፣ ከብት እየጠበቁ፣ እንጨት እየፈለጡ አደጉ።

እኛ ኢትዮጵያውያን 1933 ዓ.ም.ን የምናስታውሰው አገራችን ከአምስት ዓመት ወረራ የተገላገለችበት ዓመት ስለ ሆነ በደስታ ነው። ለክሉሺኖ መንደር ግን ያው ዓመት የመከራ መጀመሪያ ሆነ። ሰኔ 15 ቀን 1933 ዓ.ም. የጀርመን ጦር የሶቪየት ኅብረትን ድንበር ጥሶ ገባ። በዚያው ክረምት መጨረሻ ላይ የሰባት ዓመቱ ዩሪ ትምህርት ጀመረ፤ ግን ብዙም ሳይማር በጥቅምት 1934 ዓ.ም. የጠላት ወታደሮች መንደሪቱን ያዙ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። የጋጋሪንን ቤት ወታደሮች ስለ ወሰዱት፣ ቤተ ሰቡ ከቤቱ አጠገብ መሬት ቈፍረው፣ በላዩ እንጨትና አፈር አልብሰው፣ በዚያ ጕድጓድ ውስጥ ኖሩ። በ1935 ዓ.ም. ጠላት ሲያፈገፍግ ታላቅ ወንድሙን ቫለንቲንንና እኅቱን ዞያን ለግዳጅ ሥራ ይዞ ሄደ። ሁለቱም በሕይወት ተርፈው ወደ ወላጆቻቸው የተመለሱት ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ነው።

በዚያ የመከራ ጊዜ ልጁ ያየው አንድ ነገር ከልቡ ሳይወጣ ቀረ። በውጊያ የተመታ የአገሩ አውሮፕላን በመንደሩ አጠገብ ወደቀ። አብራሪውን ለመርዳትም ሌላ ትንሽ አውሮፕላን በሜዳው ላይ ዐረፈ። የመንደሩ ልጆች ሮጠው አብራሪዎቹን ከበቧቸው፤ ምግብም አመጡላቸው፤ አውሮፕላኑንም በእጃቸው ዳሰሱት። ዩሪ አብራሪ የመሆን ምኞት ያደረበት ከዚያ ወዲህ ነው።

መንደሪቱ ነፃ ስትወጣ ትምህርት እንደገና ተጀመረ፤ ነገር ግን መጻሕፍት አልነበሩም፤ ደብተርም አልነበረም። ልጆቹ ሒሳብ የተማሩት በየሜዳው የወደቀውን ባዶ ቀለህ እየለቀሙ በመቍጠር ነው። ማንበብ የተለማመዱትም ለእግረኛ ወታደር በተጻፈ የውጊያ መመሪያ ላይ ነው። መምህራኑ ባለው ነገር አስተማሩ፤ ልጆቹም ባለው ነገር ተማሩ። ቤተ ሰቡ ወደ ግዛትስክ ከተማ ከተዛወረ በኋላ፣ በጦርነቱ ጊዜ በአየር ኀይል ውስጥ ያገለገለ አንድ የፊዚክስ መምህር ለዩሪ የትምህርትን ጣዕም አሳየው።

በ1942 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ዩሪ 15 ዓመት ሲሆነው ቤተ ሰቡን ለመርዳት ቶሎ ሙያ ለመያዝ ፈለገ። ስለዚህ በሞስኮ አጠገብ ወዳለችው ወደ ሉቤርትሲ ሄዶ በሙያ ትምህርት ቤት የብረት አቅላጭነትን ሥራ ተማረ። ይህ ሥራ ብረትን በታላቅ እሳት አቅልጦ በተዘጋጀለት ቅርጽ ውስጥ ማፍሰስ ነው፤ ሙቀቱ ከባድ ነው፤ ጥንቃቄ የጐደለው ሰው ሥራውን ያበላሻል፤ ራሱንም ያቃጥላል። ቀን በፋብሪካ ሲሠራ እየዋለ ማታ ደግሞ ጦርነቱ ያቋረጠበትን ትምህርት ይከታተል ነበር። በ1943 ዓ.ም. ከሙያ ትምህርት ቤቱ በማዕርግ ሲመረቅ፣ በማታው ትምህርት ደግሞ ሰባተኛ ክፍልን ጨረሰ። ዕድሜው 17 ነበር።

ከዚያም በቮልጋ ወንዝ ዳር በምትገኘው በሳራቶቭ ከተማ በኢንዱስትሪ ቴክኒክ ትምህርት ቤት አራት ዓመት ተማረ። በዚያ ትምህርት ቤት ሳለ በፊዚክስ ክበብ ውስጥ ስለ ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ ለጓደኞቹ ንግግር አደረገ። ጺዮልኮቭስኪ ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው የማይሰማ፣ በአንዲት የገጠር ከተማ የሚያስተምር መምህር ነበረ። ሮኬት የመሬትን ስበት አምልጦ ወደ ጠፈር ሊወጣ እንደሚችል በሒሳብ አስልቶ በ1895 ዓ.ም. ያሳተመው እርሱ ነው። አንድ የገጠር መምህር በወረቀት ላይ ያሰላውን ነገር፣ ከ58 ዓመት በኋላ አንድ የገጠር ልጅ በሥጋው ፈጸመው ማለት ነው።

በ1947 ዓ.ም. ጋጋሪን በሳራቶቭ የበረራ ክበብ ገብቶ ከትምህርቱ ጐን ለጐን ማብረር ተማረ። በዚያው ዓመት ትናንሽ የመለማመጃ አውሮፕላኖችን ብቻውን አበረረ፤ የቴክኒክ ትምህርቱንም በማዕርግ ፈጸመ። ፋብሪካ ገብቶ ደኅና ደመወዝ ሊያገኝ ይችል ነበር፤ እርሱ ግን በ1948 ዓ.ም. በኦሬንቡርግ ከተማ የአየር ኀይል የአብራሪዎች ትምህርት ቤት ገባ። እዚያም ሁሉ ነገር ቀና አልሆነለትም። ቁመቱ 1 ሜትር ከ57 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለ ነበረ፣ በመቀመጫው ላይ ሆኖ ማረፊያውን ሜዳ በደንብ ማየት አልቻለም። አውሮፕላኑን ሲያሳርፍ እየተሳሳተ ስላስቸገረ ከትምህርት ቤቱ ሊባረር ደርሶ ነበር። ከመቀመጫው ላይ ትራስ ቢጨመርለት ችግሩ ተወገደ። ትንሽ ትራስ ባይገኝ ኖሮ የዓለም የመጀመሪያ ጠፈርተኛ ሌላ ሰው በሆነ ነበር።

በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሦስት ነገሮች አንድ ላይ መጡ። መስከረም 24 ቀን አገሩ ስፑትኒክ የተባለችውን የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ሳተላይት ወደ ጠፈር ላከች። በጥቅምት ወር ጋጋሪን ከሕክምና ተማሪዋ ከቫለንቲና ጋራ ጋብቻውን ፈጸመ። በዚያው ሰሞንም በመኰንንነት ተመረቀ። ከምረቃው በኋላ በኖርዌይ ድንበር አጠገብ ባለው በቀዝቃዛው የሰሜን አገር ሚግ 15 የተባለውን ተዋጊ አውሮፕላን ያበርር ጀመር።

በ1952 ዓ.ም. ሐኪሞች በየአየር ኀይሉ ሰፈር እየዞሩ ለአዲስና ለምስጢራዊ ሥራ የሚሆኑ ወጣት አብራሪዎችን መረጡ። መንኰራኵሩ ጠባብ ስለ ሆነ ቁመታቸው አጠር፣ ክብደታቸው ቀለል ያለ ሰዎች ይፈለጉ ነበር። በኦሬንቡርግ ያስቸገረው የቁመቱ ማጠር አሁን ጠቀመው። ጤናቸው በብርቱ ተመርምሮ ከተመረጡት 20 ሰዎች አንዱ እርሱ ሆነ። ሥልጠናውም እጅግ ከባድ ነበር። በታላቅ ፍጥነት በሚሽከረከር መሣሪያ ውስጥ ይዞሩ ነበር፤ ድምፅ በማይሰማበት ክፍል ውስጥ ብዙ ቀን ብቻቸውን ይቀመጡ ነበር፤ ከአውሮፕላንም በፓራሹት ይዘሉ ነበር። መጋቢት 14 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ ከጋጋሪን ጕዞ 20 ቀን በፊት፣ ከሰልጣኞቹ በዕድሜ ታናሽ የነበረው የ24 ዓመቱ ቫለንቲን ቦንዳሬንኮ ኦክስጅን በበዛበት የመለማመጃ ክፍል ውስጥ እሳት ተነሥቶበት ሞተ። የሞቱ ታሪክ ለሕዝብ የተገለጸው ከ25 ዓመት በኋላ በ1978 ዓ.ም. ነው።

ለዚህ ሁሉ ሥራ መሪ የነበረው ዋናው መሐንዲስ ሰርጌይ ኮሮልዮቭ ነው። ይህ ሰው በ1930 ዓ.ም. በሐሰት ተከሶ ታስሮ፣ በሩቅ ምሥራቅ በወርቅ ማዕድን ጕድጓድ ውስጥ ከሞት አፋፍ ደርሶ የተመለሰ፣ ነፃነቱንም እስከ 1936 ዓ.ም. ያላገኘ ነበር። እንዲህ ሲሆን አገሩ ስሙን እንኳ ደብቃ ስለ ያዘችው፣ ዓለም ማንነቱን ያወቀው በጥር 1958 ዓ.ም. ሲሞት ነው። ጋጋሪን በአደባባይ ሲጨበጨብለት፣ መንኰራኵሩን የሠራው ሰው ስሙ ሳይነሣ በዝምታ ይሠራ ነበር።

ቮስቶክ የተባለችው መንኰራኵር 4,700 ኪሎ ግራም ያህል ትመዝናለች። ሰው የሚቀመጥባት ክፍል እንደ ኳስ ክብ ሆና፣ ወርዷ 2 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በፊት በተደረጉት ሙከራዎች ውሾችን ይዘው የወጡ መንኰራኵሮች የጠፉበት ጊዜ ነበር። ሆኖም የካቲት 30 እና መጋቢት 16 ቀን 1953 ዓ.ም. የተደረጉት ሁለት ሙከራዎች በተከታታይ ስለ ተሳኩ፣ ሰው እንዲላክ ተወሰነ። ከሁለቱ ዋና ዕጩዎች ጋጋሪን ሲመረጥ፣ ጌርማን ቲቶቭ ተጠባባቂ ሆነ። ጋጋሪን ከመሄዱ ሁለት ቀን በፊት ለሚስቱ ደብዳቤ ጻፈ። በዚያም ባይመለስ ሁለቱን ሴት ልጆቻቸውን በሚገባ እንድታሳድግ አደራ ብሎ፣ የራሷን ኑሮ ግን እንደ ፈቃዷ እንድትመራ ነገራት። ታናሿ ልጁ በዚያን ጊዜ ገና የአንድ ወር ሕፃን ነበረች።

ሚያዝያ 4 ቀን ረቡዕ ነበር፤ በእኛ አገር ፋሲካ ከዋለ አራተኛው ቀን መሆኑ ነው። የሞስኮና የአገራችን ሰዓት አንድ ስለ ሆነ፣ ሮኬቱ የተነሣው በእኛ አቈጣጠር ከጧቱ በ3 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ነው። መነሻውም ዛሬ በካዛኽስታን አገር በሚገኘው በባይኮኑር ነው። መንኰራኵሯ በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ያህል ትበር ነበር። በዚህ ፍጥነት ከወገዳ እስከ አዲስ አበባ ያለው የአየር መንገድ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከመሬት የራቀችበት ከፍተኛው ርቀት 327 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ይህን ለመድረስ ሁላችን የምናውቀው የጉና ተራራ ከ75 ጊዜ በላይ ቢደራረብ ነው። ሰው በክብደት አልባነት ውስጥ አእምሮው ይታወክ ይሆናል ተብሎ ስለ ተፈራ፣ መንኰራኵሯን የሚመራው በራሱ የሚሠራ መሣሪያ ነበር። መሪውን የሚከፍተው ቍጥር በታሸገ ፖስታ ውስጥ ተቀምጦለት ነበር፤ ነገር ግን ባለሙያዎቹ አስቀድመው በምስጢር ነግረውት ነበር። ጋጋሪን ግን ጤናው ሳይታወክ እየበላ፣ እየጠጣ፣ እየጻፈና የሚያየውን በሬዲዮ እየተናገረ ተጓዘ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር አፍሪካን ይነካል። ከጧቱ 4 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ላይ መንኰራኵሯ በአንጎላ ጠረፍ አጠገብ ስትደርስ፣ ፍጥነቷን የሚቀንሰው ሞተር ተነሣ። ከዚህም ጋራ የሰው ክፍሏ ከሞተሩ ክፍል ወዲያው መለየት ይገባት ነበር። ነገር ግን የሽቦ ማሰሪያ ስለ ያዛት ሳትለይ ቀረች፤ ጋጋሪንም እየተሽከረከረ ዐሥር ደቂቃ ያህል በአደጋ ላይ ሆኖ ከአገራችን በስተ ምዕራብ የአፍሪካን ምድር ወደ ሰሜን አቋረጠ። በዚያች ሰዓት ከበታቹ ከነበረው ሕዝብ ይህን ያወቀ አልነበረም። እርሱ ግን ሳይደናገጥ ሰዓቱን እየተመለከተ ገና ብዙ መንገድ እንዳለው አስልቶ፣ በምድር ያሉትን እንዳያስጨንቅ ነገሩ ደኅና መሆኑን አስታወቀ። በመጨረሻ ማሰሪያው ተበጥሶ ክፍሉ ተለየ።

ከመሬት 7 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ከመንኰራኵሯ ተወርውሮ ወጥቶ በፓራሹት ወረደ። የወረደበትም ስፍራ በረራን የተማረባት የሳራቶቭ አገር ነው። ብርቱካንማ ልብስ ለብሶ፣ ነጭ የራስ ቍር ደፍቶ በእርሻ መካከል ሲመጣ መጀመሪያ ያዩት በድንች ማሳ ላይ ይሠሩ የነበሩ አንዲት ባልቴትና የልጅ ልጃቸው ናቸው። ሁለቱም ፈርተው ሊሸሹ ሲሉ የአገራቸው ሰው መሆኑን ነገራቸው። ከጠፈር የመጣውን የመጀመሪያ ሰው ከመኳንንት በፊት የተቀበሉት ገበሬዎች ናቸው። የአብራሪዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር ሕግ አብራሪው ከነመንኰራኵሩ እንዲያርፍ ያዝ ስለ ነበረ፣ በፓራሹት መውረዱ ለብዙ ዓመታት ተደበቀ። እውነቱ ሲገለጥ ግን የሥራውን ታላቅነት ምንም አልቀነሰውም። የተደበቀው ነገር ሁሉ ከንቱ ድካም ሆኖ ቀረ።

ሲነሣ የመቶ አለቃ የነበረው ጋጋሪን በበረራው ላይ ሳለ የሻለቅነት ማዕርግ ተሰጠው፤ የሻምበልነትን ማዕርግ ዘሎ አለፈ ማለት ነው። ከዚያም ወደ ሠላሳ ያህል አገሮች እየተጠራ ሄደ፤ በአፍሪካም ግብጽን፣ ጋናንና ላይቤርያን ጐበኘ። ከእነዚህ ጕብኝቶች አንዱ ባሕርዩን ያሳያል። ሐምሌ 5 ቀን 1953 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ማንቸስተር የሄደው የብረት አቅላጮች ማኅበር የሙያ ወንድማችን ነህ ብሎ ስለ ጠራው ነው። ዝናብ ይዘንብ ነበር። ሕዝቡ በዝናብ ቆሞ ሲጠብቀው እርሱ ተሸፍኖ ማለፍ እንደማይገባው ተናግሮ የመኪናውን ክዳን አስከፈተና እየረጠበ በሕዝቡ መካከል አለፈ።

ይሁን እንጂ ዝና ለእርሱ ሸክምም ሆነበት። ቲቶቭ ከአራት ወር በኋላ መሬትን 17 ጊዜ ዞረ። ሌሎች ጓደኞቹም ተራ በተራ ወጡ። ጋጋሪን ግን በየግብዣው ይጋበዝ፣ በየስብሰባው ይናገር ነበር እንጂ እንደ ልቡ አያበርርም። በግብዣ ብዛትም ሰውነቱ ወፍሮ ነበር። ወደ ሥራው ለመመለስ የመረጠው መንገድ ትምህርት ነው። በ1954 ዓ.ም. በዡኮቭስኪ የአየር ኀይል የምሕንድስና አካዳሚ ገብቶ ተማረ፤ በ1956 ዓ.ም. የኮሎኔልነት ማዕርግ አግኝቶ የጠፈርተኞች ማሠልጠኛ ምክትል ኀላፊ ሆነ፤ ከእርሱ በኋላ የመጡትንም አሠለጠነ።

ሚያዝያ 16 ቀን 1959 ዓ.ም. ወዳጁ ኮሎኔል ቭላዲሚር ኮማሮቭ በሶዩዝ መንኰራኵር ከጠፈር ሲመለስ ፓራሹቱ ሳይከፈት ቀርቶ ከመሬት ተከስክሶ ሞተ። የኮማሮቭ ተጠባባቂ ጋጋሪን ነበረ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ይህን ስመ ጥር ሰው እንዳያጣው ፈርቶ ዳግመኛ ወደ ጠፈር እንዳይሄድ ከለከለው። እርሱ ግን ራሱ የማያበርር ሰው ሌሎችን ሊያሠለጥን አይገባውም የሚል አሳብ ስለ ነበረው፣ ቢያንስ አውሮፕላን እንዲያበርር ደጋግሞ ለመነ፤ ተፈቀደለትም። በየካቲት 1960 ዓ.ም. ከጠፈር ተመልሶ እንደ አውሮፕላን ስለሚያርፍ መንኰራኵር ጥናት አቅርቦ ከአካዳሚው ተመረቀ።

ከአንድ ወር በኋላ መጋቢት 18 ቀን 1960 ዓ.ም. ብቻውን እንዲያበርር ከመፈቀዱ በፊት በሚደረግ የፈተና በረራ ላይ ከኮሎኔል ቭላዲሚር ሰርዮጊን ጋራ በሚግ 15 መለማመጃ አውሮፕላን ተነሣ። አውሮፕላኑ ከሞስኮ በስተ ምሥራቅ በኪርዣች ከተማ አጠገብ ባለ ጫካ ውስጥ ወድቆ ሁለቱም ሞቱ። የአደጋው ምርመራ ለረጅም ዘመን በምስጢር ስለ ተያዘ፣ ስለ ምክንያቱ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ዐፅማቸው በሞስኮ በክሬምሊን ግንብ ዐረፈ። ከጕዞው በፊት የጻፈው ያ ደብዳቤ ለሚስቱ የተሰጠው በዚህ ጊዜ ነው፤ ሰባት ዓመት ተቀምጦ ቈይቶ ነበር። ያደገባት ግዛትስክ ከተማም በስሙ ጋጋሪን ተባለች። ሐምሌ 1961 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠፈርተኞች በጨረቃ ላይ ሲያርፉ፣ ባላንጣ ከነበረው አገር የተገኙትን የጋጋሪንንና የኮማሮቭን ሜዳልያዎች ለመታሰቢያ በዚያ ትተው ተመለሱ። የተባበሩት መንግሥታትም በ2003 ዓ.ም. ያ የበረራ ቀን በዓለም ሁሉ እንዲታሰብ ወሰነ።

አገራችንም በዚህ መንገድ የራሷን እርምጃ ጀምራለች። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. 70 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝን የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና አገር ወደ ጠፈር ተልካ፣ መልእክቷን በእንጦጦ ተራራ ላይ ባለው ጣቢያ ተቀብለናል። ለዚህ ሥራ ብዙ አብራሪ አያስፈልግም፤ ብዙ የሒሳብ፣ የፊዚክስ፣ የኤሌክትሪክና የብረት ሥራ ዐዋቂ ግን ያስፈልጋል።

በአገራችን በጦርነትና በችግር ምክንያት ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው፣ እኩዮቻቸው ሲያልፉ ወደ ኋላ የቀሩ፣ ስለዚህም ከታናናሾቻቸው ጋራ በአንድ ክፍል መቀመጥን እንደ ውርደት ቈጥረው የሚተዉ ብዙ ልጆች አሉ። ወላጆችም ጊዜው አልፏል ብለው ልጃቸውን ከትምህርት ያስቀሩታል። እነዚህ ሁሉ የዚህን ሰው ታሪክ ቢያስቡት መልካም ነው። ዩሪ ጋጋሪን ሰባተኛ ክፍልን በማታ ትምህርት ሲጨርስ የ17 ዓመት ልጅ ነበረ፤ መሬትን ከላይ ሲያያት 27 ዓመቱ ነበር። በመካከሉ ያለው ዐሥር ዓመት ብቻ ነው።